ለፓርክ ፎቶ የትኛው ጥቁርና ነጭ ፊልም ይሻላል?

እንጦጦ ፓርክ ውስጥ ቀይ ሹራብ የለበሰች ልጅ ባሕር ዛፍ ሥር ትጫወታለች እንበል። በዓይናችሁ ስታዩዋት ከቅጠሉ ተለይታ ቁልጭ ብላ ትታያለች። በጥቁርና ነጭ ፊልም ስታነሷት ግን ሹራቡም ቅጠሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ልጅቷ ዛፉ ውስጥ ልትጠፋ ትችላለች። ፊልሙ የብርሃን መጠን እንጂ ቀለም አይመዘግብማ!

የፊልም የብር ጨው ቅንጣቶች በተፈጥሯቸው የሚሰማቸው ሰማያዊና አልትራቫዮሌት ብርሃን ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ሄርማን ፎግል እ.ኤ.አ. በ1873 ማቅለሚያ ሲጨመርባቸው አረንጓዴም እንደሚሰማቸው ደረሰበት። ዛሬ የሚሸጠው አብዛኛው ፊልም ቀይንም ያያል፤ ፓንክሮማቲክ ይባላል። ቀይ የማያይም አለ፤ ለምሳሌ ኢልፎርድ ኦርቶ ፕላስ። በእሱ ሹራቡ ወደ ጥቁር ይጠጋል፣ ቅጠሉ ደግሞ ይፈካል። ልጅቷ ተገኘች ማለት ነው።

ታዲያ ኦርቶ እንግዛ? ቆይ፣ መጀመሪያ ጥላውን እናስላ። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር (አይኤስኦ) የፊልሙ ፍጥነት ነው፤ ቁጥሩ እጥፍ ሲሆን የሚያስፈልገው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሥር ብርሃኑ ከሜዳው ፀሐይ 16 ጊዜ ያህል ሊያንስ ይችላል። እዚያ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ/4 ላይ ብታደርጉ፣ ፍጥነቱ 80 የሆነው ኦርቶ 1/80 ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። ልጅቷ ዝም ብላ ከቆመች ይበቃል። ግን ልጅ መቼ ቆሞ ያውቃል? ስትሮጥ ምስሏ ይደበዝዛል።

እኔ ብሆን 400 እገዛለሁ፤ ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስ ወይም ኮዳክ ትራይ-ኤክስ። እዚያው ጥላ ሥር በ1/400 ሰከንድ ያነሳል። ሌንሱ ላይ አረንጓዴ ማጣሪያ ስትገጥሙ ቀዩ ይታገድና ሹራቡ ይጠቁራል፤ ከኦርቶው ጋር ተቀራራቢ ውጤት ነው። ማጣሪያው እንደ ጥንካሬው ብርሃኑን ወደ ግማሽ ወይም ወደ ሩብ ያወርደዋል። ሩብ ቢሆን እንኳ 1/100 ሰከንድ አላችሁ፤ አሁንም ከኦርቶው ይፈጥናል። ደግሞ ማጣሪያ ይወልቃል፣ ፊልም ግን አንዴ ከገባ እስከ 36ኛው ፎቶ አብሯችሁ ነው።

ነጻ ነገር የለም። ፈጣን ፊልም ብዙ ብርሃን የሚይዘው ቅንጣቶቹ ተለቅ ስለሚሉ ነው፤ ስለዚህ ፎቶው ትንሽ አሸዋማ ይሆናል (እኔ እንዲያውም እወደዋለሁ)። ቡናማ ቆዳም ከአረንጓዴ ይልቅ ቀይ ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ ፊት ጠቆር ይላል። ፊት ዋናው ጉዳያችሁ ከሆነ ፈዛዛውን ቢጫ-አረንጓዴ ማጣሪያ ምረጡ።

ብርሃኑን በስልክ አፕ የምትለኩ ከሆነ ስልኩ ማጣሪያውን አያየውም፤ የቀነሰውን ብርሃን ራሳችሁ ደምሩለት።