ከመሬት የጠፋ፣ ከካርታ ያልጠፋ፤ የእንግሊዝ የአውራጃ ካርታዎችና ጥንታዊ ሥፍራዎች

በእንግሊዝ አገር ማረሻ የደመሰሰውና ድንጋይ ፈላጭ ያፈረሰው ጥንታዊ ሥፍራ ብዙ ነው። የመቃብር ጉብታዎች፣ በክብ የቆሙ ድንጋዮች፣ የሮማውያን ምሽጎች፣ ለሺህ ዓመታት ቆመው ባለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ውስጥ ደብዛቸው ጠፍቷል። ከመጥፋታቸው በፊት ግን አንዳንዶቹን ቀያሽ አይቷቸዋል፤ በካርታም አስፍሯቸዋል። እነዚያ ካርታዎች ዛሬ በዲጂታል ተነሥተው ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊመረምራቸው ይችላል። ዋናው ጥቅማቸው ያለው፣ በእኔ ግምት፣ ካርታዎቹን እርስ በርስ በማስተያየት ላይ ነው። የቀደመው አሳይቶ የኋለኛው የተወው ነገር ካለ፣ ፍለጋው ከዚያ ይጀምራል።

ሁሉም ካርታ ግን እኩል ምስክር አይደለም። ክሪስቶፈር ሳክስተን እ.ኤ.አ. በ1579 ያሳተማቸው የአውራጃ ካርታዎች ወንዝና መንደር እንጂ መንገድ እንኳ የላቸውም፤ ኮረብታውም ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ከእሱ በኋላ የመጣው ጆን ስፒድ በዊልትሸር ካርታው ጥግ የስቶንሄንጅን ሥዕል አስገብቷል፤ ይህም ለጌጥ ያህል ነው። ሥራው የተለወጠው በ1759 የለንደኑ የኪነ ጥበባት ማኅበር አውራጃን በአንድ ኢንች ለአንድ ማይል ልኬት በትክክል ለቀየሰ ሽልማት ካወጀ ወዲህ ነው። ቤንጃሚን ዶን በዴቨን ካርታው በ1765 ተሸለመ፤ አንድሩስና ዱሪም በ1773 የዊልትሸርን ካርታ አወጡ። በ1791 የተቋቋመው የመንግሥት ካርታ ሥራ ተቋም ኦርድናንስ ሰርቬይ ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ 25 ኢንች ለአንድ ማይል በሆነ ልኬት መቀየስ ሲጀምር፣ ጥንታዊ ቅርሶችን በተለየ የፊደል ቅርጽ እየለየ አሳየ። ጠፋ የተባለን ጉብታ የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ከሳክስተን ብዙ ባይጠብቅ ይሻላል። ከ1760ዎቹ ወዲህ ባሉት ላይ ቢያተኩር ይጠቀማል።

ተጠራጣሪዎች የሚያነሡት የመጀመሪያው ነጥብ ካርታ ሠሪዎች እርስ በርስ ይገለብጡ ነበር የሚል ነው። እውነት ነው፤ ስፒድ ከሳክስተን መውሰዱን ራሱም አልካደም። ስለዚህ አንድን ምልክት አምስት ካርታዎች ቢደጋግሙት አምስት ምስክር ተገኘ ማለት አይደለም። የባሰም አለ። በኮፐንሃገን ይኖር የነበረው እንግሊዛዊው ቻርልስ በርትራም የመካከለኛው ዘመን መነኩሴ ጻፈው ያለውን፣ ግን ራሱ የፈጠረውን የሮማውያን ብሪታንያ መግለጫ በ1757 አሳተመ። ጄኔራል ዊልያም ሮይን የሚያህል ቀያሽ አመነው፤ የፈጠራ ስሞቹም እስከ ኦርድናንስ ሰርቬይ ካርታዎች ዘልቀው ገቡ። ማጭበርበሩ የተጋለጠው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ከዚህ የሚወጣው ፍርድ፣ በካርታ ላይ የተጻፈ ስም የቀያሹን እምነት እንጂ የቦታውን ታሪክ አያረጋግጥም የሚል ነው። ቀያሹ በእግሩ ደርሶ የለካው ጉብታ ግን ስሙ ቢሳሳትም ጉብታነቱ አይቀርም።

በርትራምን ካመኑት ግንባር ቀደሙ የጥንታዊ ቅርስ አጥኚው ዊልያም ስቱክሊ መሆኑ ነገሩን ያወሳስበዋል። ምክንያቱም ይኸው ሰው በዊልትሸሯ ኤቭበሪ አካባቢ የቆሙት ጥንታዊ ድንጋዮች እየተሰባበሩ ሳለ ደርሶ የነደፋቸው ካርታዎችና ሥዕሎች በብዙ ነጥብ በቁፋሮ ተረጋግጠዋል። በ1720ዎቹ የፈረሰውን የኦቨርተን ኮረብታ የድንጋይ ክብ አርኪዮሎጂስቷ ሞድ ካኒንግተን በ1930 ያገኘችው የእሱን መዝገብ ተከትላ ነው። ስቱክሊ አየሁት ያለውን የቤክሃምፕተን የድንጋይ ረድፍ ብዙዎች ቅዠት ነው ብለውት ነበር፤ በ1999 ሲቆፈር የድንጋዮቹ ጉድጓዶች ተገኙ። በወረቀት ላይ ሲታለል፣ በዓይኑ ያየውን ግን በአብዛኛው በትክክል መዝግቧል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከላይዳር ጋር የተያያዘ ነው። ከአውሮፕላን በሌዘር የመሬትን ከፍታ የሚለካው ይህ ዘዴ የሚያስገኘው መረጃ ከ2015 ወዲህ በእንግሊዝ ለሕዝብ በነፃ ክፍት ስለሆነ፣ አሮጌ ካርታ ምን ያደርጋል ይባላል። ላይዳር ግን የሚያየው የዛሬውን ገጽ ነው። ድንጋዩ ተነሥቶ፣ ጉድጓዱ ተደፍኖ፣ መሬቱ ከተስተካከለ የሚለካው ነገር የለም። ጉብታ ቢያገኝም ዕድሜውን አይናገርም፤ የነሐስ ዘመን መቃብር ይሁን የነፋስ ወፍጮ መቆሚያ በቅርጹ ብቻ መለየት ያስቸግራል። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ካርታ በዚያው ነጥብ ላይ ወፍጮ ካሳየ ግን የወፍጮ መቆሚያ ነው የሚለው ግምት ይጠነክራል። የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የኦርድናንስ ሰርቬይን አሮጌ ካርታዎች፣ የእንግሊዝን ጨምሮ፣ ከዛሬው የሳተላይት ምስል ጋር አገጣጥሞ በድረ ገጹ ማቅረቡ ይህን ማስተያየት የደቂቃዎች ሥራ አድርጎታል። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ካርታ ከዛሬው ጋር ሲገጠም በመቶ ሜትሮች ሊዛነፍ እንደሚችል ግን አይዘንጋ፤ በአቅራቢያው ካለ ድልድይ ወይም ቤተ ክርስቲያን አንጻር መለካት ይበጃል።

አጠራጣሪ ነገር ያገኘ ሰው ካርታውን ከነዓመቱ ይዞ ለየአውራጃው የቅርስ መዝገብ ክፍል ማመልከት ይችላል። አካፋ ማንሣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በ1979 የወጣው ሕግ በተመዘገበ ጥንታዊ ሥፍራ ላይ ያለ ፈቃድ መቆፈርንም ሆነ በብረት መፈለጊያ መሣሪያ ማሰስን ወንጀል ያደርጋል።