በጆርናል ውስጥ የሚጠፋው የራስ ስም

ስለ ትምህርት ምርምር ጽሑፍ ሲወራ ወሬው ብዙውን ጊዜ ስለ ደረጃ ዕድገት ነው፦ ለረዳት ፕሮፌሰርነት ስንት አርቲክል ይበቃል፣ የትኛው ጆርናል ቶሎ ያወጣል፣ እገሌ ስንት ከፈለ። ጽሑፉ ራሱ ከዚህ የተሻለ ክብር ይገባዋል። ሪፖርት ለአለቃ ይጻፋል፣ ቴሲስ ለፈታኝ። የምርምር ጽሑፍ ግን የሚጻፈው ጸሐፊው አይቶት ለማያውቅ አንባቢ ነው። ቀብሪበያህ ያለ መምህር ክፍሉ ውስጥ የታዘበውን ዲላ ያለ ሌላ መምህር ሊፈትሸው፣ ሊቃወመው ወይም ወስዶ በራሱ ተማሪዎች ሊሞክረው የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

አወቃቀሩን ሁሉም ያውቀዋል፦ ጥያቄ፣ ዘዴ፣ ግኝት፣ ውይይት። አርታኢው ካየው በኋላ ማንነታቸው ለጸሐፊው የማይነገር ገምጋሚዎች ይመለከቱታል፤ ያርሙታል ወይም ይጥሉታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው «የኢትዮጵያ የትምህርት ጆርናል» እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ይታተማል፤ ጅማና ባሕር ዳርም የየራሳቸው የትምህርት ጆርናል አላቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹን መቀመጫው ደቡብ አፍሪካ በሆነው «አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን» በኩል ማግኘት ይቻላል። ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ ለዚህ ሥራ ገና ወጣት ነው። ይህን ያህል ካልን ይበቃል፤ የቀረውን የትኛውም የምርምር ዘዴ ኮርስ ያስተምራል።

የማያስተምረው ስም መጻፍን ነው። ቀላል ነገር መስሎ ይታያል፤ አይደለም።

ጽሑፍ ሲላክ ቅጹ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ፈርስት ኔም» እና «ላስት ኔም» ነው። በትምህርት ጥናት በብዛት የሚሠራበት ኤፒኤ የተባለው የአጻጻፍ ሥርዓት ደግሞ ላስት ኔሙን ወደ ፊት ያመጣና የቀረውን በመነሻ ፊደል ብቻ ያስቀራል። ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ስም በሚጠራበት አገር ይህ ያስኬዳል። እኛ ዘንድ ግን ሁለተኛው ስም የአባት ነው፣ ሦስተኛው የአያት። ሶማሌውም እንደዚሁ ነው፤ እንዲያውም ልጅ «አብቲርሲ» በሚባለው የዘር ቆጠራ የአያት ቅድመ አያቶቹን ስም ወደ ላይ እየቆጠረ በቃሉ ይወጣዋል። መሐመድ አብዲ አህመድ የሚባል መምህር ቅጹን ሞልቶ ሲልክ ታትሞ የሚመለስለት «አህመድ፣ ኤም. ኤ.» ተብሎ ነው። ሥራው የአያቱ ሆነ፤ እሱ አንዲት ፊደል ቀረችው። አያታቸው አህመድ የሆነና የራሳቸው ስም በዚያችው ፊደል የሚጀምር ሰዎችን ጅግጅጋ ገበያ ቆሞ መቁጠር ለሚፈልግ መልካም ዕድል እመኝለታለሁ።

የከተማው ሰው ይህን ችግር ከጥንት ጀምሮ የሚፈታው በቅጽል ስም ነው። አንዱን መሐመድ «ዴሬ» ይሉታል፣ ረጅሙ፤ ሌላውን «ያሬ»፣ ትንሹ። ማንም ከማንም ጋር አይምታታም። የጆርናሉ ቅጽ ግን ለቅጽል ስም ቦታ የለውም።

ፊደሉ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨምራል። ሶማሊኛ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በይፋ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ በዚያ አጻጻፍ ግዕዝ በ«ዐ» የሚጽፈው ድምፅ በ«ሲ»፣ በ«ሐ» የሚጽፈው ደግሞ በ«ኤክስ» ይወከላል። ስለዚህ ያው አብዲ በሶማሊኛ ሲጽፍ ስሙን በ«ሲ» ይጀምራል፣ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ በ«ኤ»። መሐመድም መሀል ላይ አንድ ጊዜ «ኤክስ»፣ አንድ ጊዜ «ኤች» ያስገባል። ኮምፒዩተር ሁለቱን አጻጻፎች እንደ ሁለት ሰው ይቆጥራቸዋል። የመጀመሪያ ጽሑፉ የወጣለት አንድ ወጣት «መአሊን (መምህር)፣ እስቲ ፈልግልኝ» ብሎኝ አብረን ብንፈልግ በስሙ ሊገኝ አልቻለም። ያገኘነው ርዕሱን ስንጽፍ ነው፤ ጆርናሉ የአያቱን ስም ለሁለት ቆርጦ የኋለኛውን ቁራጭ ላስት ኔም አድርጎት ነበር።

እንዲህ ያለው የስም መዛባት በታወቁ ሥራዎችም ላይ ይደርሳል። የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርትን በተመለከተ የሶማሌ ክልል መምህር ሊያነበው የሚገባ አንድ ጥናት ቢኖር ትምህርት ሚኒስቴር አስጠንቶት በ2007 እ.ኤ.አ. የቀረበው ነው። ክልሉ እስከ 8ኛ ክፍል በሶማሊኛ ከሚያስተምሩት ተርታ ነበር፤ ጥናቱም በአፍ መፍቻ ቋንቋ ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩ ልጆች 8ኛ ክፍል ላይ በተለይ በሂሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳየ። አጥኚዎቹ ካትሊን ሂዩ፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን አለሙ ገብረ ዮሐንስ ናቸው። በማጣቀሻ ዝርዝሮች ውስጥ ግን ብርሃኑ «ቦጋለ» ይሆናሉ፤ መኮንን አንዴ «ገብረ ዮሐንስ»፣ አንዴ «ዮሐንስ» ብቻ። ገብረ የሌለው ዮሐንስ መጥምቁ ነው እንጂ የእሳቸው አያት አይደለም።

ተከስተ ነጋሽ ስለ ኢትዮጵያ ትምህርት ቀውስ እ.ኤ.አ. በ1990 እና በ2006 ያሳተሟቸውን መጻሕፍት የማይጠቅስ የማስተርስ ቴሲስ ብርቅ ነው። ጠቃሾቹ ግን አንዱን «ተከስተ (1990)»፣ ሌላውን «ነጋሽ (2006)» እያሉ ከአንድ ሰው ሁለት ምሁር ያወጣሉ። መጽሐፉን ገልጦ ያየ ሰው እንዲህ አይጽፍም፤ ከሌላው ቴሲስ የገለበጠ ይጽፋል። ስም ሲበላሽ ሳይነበብ የተጠቀሰውን ሥራ ማወቅ ይቻላል፤ እኔ ስገመግም መጀመሪያ የምገልጠው የማጣቀሻውን ገጽ የሆነው ለዚህ ነው።

የኢትዮጵያ ጥናት የሚሠሩ ሕትመቶች ይህን ቀድመው ፈትተውታል፦ ኢትዮጵያዊ በራሱ ስም ይደረደራል፣ የአባቱም ስም ሙሉውን ይከተላል። ወደ ውጭ ለሚልክ ሰው የምመክረው ይህ ነው፦ ከመጀመሪያው ጽሑፍ በፊት አንድ የላቲን አጻጻፍ ምረጥ፣ ከዚያም አትለውጠው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በነፃ የሚሰጠውን ኦርኪድ የተባለ 16 አሃዝ ያለው የተመራማሪ መለያ አውጣ፤ አሃዙ አባትህንም አያትህንም አይጠይቅም። ገብረ፣ ወልደ፣ አብዱል የመሳሰሉትን ከተከታያቸው አጋጥመህ ጻፍ፤ ክፍተት ካየ አርታኢ ይቆርጠዋል።

ጆርናል መርጦ መላክን በተመለከተ ብዙ አልልም። ጽሑፍህን ሳያነብ በሦስት ቀን ተቀበልኩ የሚል፣ ወዲያውም የባንክ ቁጥር የሚልክ ጆርናል ጆርናል አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ይህን ለመረዳት ምክር ሊያስፈልገው ባልተገባ ነበር።

በስም ጉዳይ ሴት ተመራማሪዎቻችን ከአንድ የፈረንጅ ችግር ነፃ ናቸው። ኢትዮጵያዊቷም ሶማሌዋም ስታገባ የባሏን ስም አትወስድም፤ የ25 ዓመት ወጣት ሆና ያሳተመችውና በ60 ዓመቷ የምታሳትመው በዚያው በአንድ ስም ይወጣሉ። ቅጹ ላይ «የቀድሞ ስም» የሚለውን ባዶውን ትተዋለች።