ጎብኚ ከስሜን ይዞት የሚሄደው

በስሜን ተራሮች መግቢያ በደባርቅ እንግዳ ሲሸኝ የሚሰማው ወሬ ጀማሪ አስጎብኚን ግራ ያጋባዋል። ሦስት ቀን ሙሉ የተራራውን ከፍታ፣ የገደሉን አፈጣጠር፣ የዋልያውን ታሪክ ሲያስረዳ ሰንብቶ፣ እንግዳው መኪና ሊሳፈር ሲል የሚያነሣው አብሮት የሄደው ታጣቂ ጠባቂ፣ ስካውቱ፣ ከኪሱ ዘግኖ የሰጠውን ቆሎ ነው። ወይም ድንኳን ውስጥ ጥርሱን ያንገጫገጨውን የሌሊት ብርድ። ከዓመታት በኋላ መልእክት የሚልኩትም ቢሆኑ ራስ ደጀን 4,533 ሜትር መሆኑን አያነሡም። የሚጠይቁት ጠመንጃውን አንግቶ፣ ኮንጎ ጫማ አድርጎ ዳገቱን ቀድሟቸው ይወጣ ስለነበረው ሰው ደኅንነት ነው።

ስሜን የሚነገርለት ታሪክ አጥቶ አይደለም። ብሔራዊ ፓርክ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገቡን ሲከፍት ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቦታዎች አንዱ ሆኖ ከላሊበላ ጋር ገባ። በ1996 ደግሞ ለአደጋ ከተጋለጡ ቅርሶች ተርታ ተመደበ፤ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። ይህን የማያውቅ አስጎብኚ አስጎብኚ አይባልም። ግን እንግዳው ጎንደር ሳይደርስ ዓመተ ምሕረቱን ይረሳዋል፤ ሊወቀስበትም አይገባም።

የማይረሳው ጭላዳን ነው። ጠዋት ፀሐይ አፋፉን ስትመታ ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል እየተንጠላጠሉ ይወጣሉ። መጀመሪያ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ አንዱ የአንዱን ጠጉር ይፈታትሻል፤ ከዚያ ወደ ሣሩ። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን እንደ ጭላዳ ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ የለም። ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ እየነጨ ወደ አፉ ይልካል፤ ፊቱ ያለው ሲያልቅ ሳይነሣ በመቀመጫው ተንፏቆ ይጠጋል። ወንዱ ሲቆጣ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ያሳያል። ሰው ጥቂት ሜትሮች ላይ ቢቀመጥ ግድ አይሰጣቸውም። እዚያ ለተቀመጠ ሰው ጎልቶ የሚሰማው ሣር ሲበጠስ ነው፤ መንጋው በመቶ ሲቆጠር ሜዳው ሁሉ ቀጭ ቀጭ ይላል።

አስጎብኚው እዚህ ላይ አፉን መያዝ አለበት። ብዙዎች ግን የማያውቁ እንዳይመስሉ ብለው ይመስላል፣ በጭላዳው ደረት ላይ ስላለው ቀይ ገላ፣ ስለ ወንዱና ስለ ሚስቶቹ ማውራት የሚጀምሩት ልክ በዚያች ደቂቃ ነው። ይህ ሁሉ በመንገድ ላይ፣ ወይም ማታ እሳት ዳር ሊነገር ይችላል።

ከአስጎብኚው ወሬ ይልቅ የሚያስቸግረው የእንግዳው ስልክ ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሊንዳ ሄንክል እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት ሰዎች ሙዚየም ሲጎበኙ ፎቶ ያነሡትን ዕቃ ዝም ብለው ካዩት ያነሰ ያስታውሱ ነበር። የዕቃውን አንድ ክፍል አቅርበው ያነሡት ግን ትውስታቸው አልተጎዳም። ልምድ ያላቸው አስጎብኚዎች ጥናቱን ሳያነቡ እዚያው ደርሰዋል፦ መጀመሪያ ቁጭ በሉ ይላሉ፣ ስልኩ ቆይቶ ይደርሳል። ሲያነሡም መንጋውን ሁሉ ከማፈስ የአንዱን ጣቶች አቅርበው እንዲያነሡ ያሳያሉ።

ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ሲሆን ነገሩ ትንሽ ይለያል። ዋልያን ከብሔራዊ ቡድኑ ስምና ከቢራው ጠርሙስ ያውቀዋልና ጨነቅ ከተባለው ካምፕ ሲደርስ ጭላዳውን ትቶ «ዋልያው የታለ?» ይላል። ዋልያ ደግሞ ከድንጋዩ ጋር ይመሳሰላል። አስጎብኚው በጣቱ እየጠቆመ፣ እንግዳው «የቱ ጋ? የቱ ጋ?» እያለ ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ ድንገት ድንጋይ የመሰለው ነገር ቀንዱን ሲያዞር ጩኸት ይሆናል። በዓለም ላይ ከስሜን በቀር የትም እንደሌለ አስቀድሞ ቢሰማም፣ ተቸግሮ ያገኘው ዋልያ ነው አብሮት የሚሄደው። መኪናው አጠገብ ቆሞ የጠበቀው ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልተወራለት።

የጉዞው መጨረሻም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ሙከራ ሰዎች እጃቸውን በቀዝቃዛ ውኃ እንዲነክሩ አደረጉ፤ አንዴ ለ60 ሰከንድ፣ ሌላ ጊዜ ለ90፣ በመጨረሻዎቹ 30 ሰከንዶች ውኃውን በጥቂቱ እያሞቁ። የትኛውን እንደሚደግሙ ሲጠየቁ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ፤ አጨራረሱ የተሻለ ነበርና። ስሜን ላይ አጨራረሱን የሚያበላሸው ሒሳብ ነው። የበቅሎ ኪራይ፣ የምግብ አብሳዩ፣ የጫኙና የስካውቱ ጉርሻ ሁሉ ደባርቅ መኪና በር ላይ ሲነሣ፣ ያ ሁሉ ተራራ በአንድ ንትርክ ይዘጋል። ነገሩ የገባቸው ሒሳቡን በዋዜማው ድንኳን አጠገብ ይጨርሱትና የመጨረሻውን ጠዋት ለአፋፉ ይተዉታል።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የተከታተለው ጦርነትና ግጭት የጎብኚውን ቁጥር ቀንሶታል። ሰላም ሲገኝ ቶሎ የሚመለሰው ከጎንደር በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚሄደው ሳይሆን አይቀርም፤ ሥራው ሊሻሻል የሚገባውም እሱ ጋ ነው። እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ምዝገባና ክፍያ፣ ከዚያ ወደ ሳንቃበር ካምፕ የሚወስደው ፒስታ። ቁርሱን በልቶ የተነሣ ሰው የሚደርሰው ቀትር ላይ ነው፤ ጭላዳዎቹ ተበትነዋል፣ ጉምም ገደሉን ሸፍኖት ሊሆን ይችላል። አመሻሽ ላይ ደባርቅ ገብቶ፣ ክፍያውን ጨርሶ፣ አድሮ የተነሣ ግን ጭላዳው ከገደል ሲወጣ ይደርሳል፤ ማታ ጎንደር ለመግባትም ጊዜ አያጣም። ጭማሪው የአንድ ሌሊት አልጋ ብቻ ነው።