የኮፈኑ ግራጫ ነጥብ፦ የመኪና ፖሊሽ ማሽን ከመግዛትዎ በፊት

ነቀምቴ የሚኖረው የወንድሜ ልጅ ከመስቀል በዓል ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ደወለልኝ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ጋሼ፣ ሶማሌ ተራ ብቅ ካሉ የፖሊሽ ማሽን ዋጋ ይጠይቁልኛል?» አለኝ። ለምን እንደፈለገው ስጠይቀው ትንሽ ዝም ብሎ እውነቱን አወጣው። የአባቱን ነጭ ኮሮላ ለበዓል ላሳምር ብሎ ከጓደኛው የብረት መቁረጫ ግራይንደር ተውሷል። ጫፉ ላይ ስፖንጅ አስሮ ኮፈኑን ሲያሽ፣ ጠርዙ ላይ አውራ ጣት የምታህል ቦታ ቀለሙ ተቃጥሎ ግራጫው ስር ብቅ አለ። «አባባ ገና አላየውም» አለኝ።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ያቺ መኪና የወንድሜ የብዙ ዓመት ቁጠባ ናት። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ከተሰማ ወዲህ ደግሞ፣ ብዙ ቤተሰብ በእጁ ያለችውን መኪና እንደ ዓይኑ ብሌን መጠበቅ ይዟል። ልጁም ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ላቫጆ ሊከፍት አስቧል፤ ማሽኑን የሚፈልገውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን አብረን አጠናነው። ያወቅነውን ለእናንተም እናካፍል።

የወለጋ ቀይ አፈር

ከአዲስ አበባ ወደ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነቀምቴ የገባ፣ ወይም ወደ ጊምቢ፣ ነጆና መንዲ የዘለቀ ሰው የአካባቢውን ቀይ አፈር ያውቀዋል። ዝናቡ ረጅም ነው፤ በክረምት ጭቃው እስከ መስኮት ይወጣል፣ በበጋ አቧራው በየስንጥቁ ይገባል። ቀለሙን የሚጎዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ አፈሩ ሳይሆን አጠራረጋችን ነው። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ስንጠርግ ጥቃቅኑ አሸዋ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን ይፍቀዋል። ፀሐይ ሲያርፍበት የሚታየው የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከፀጉር የቀጠነ ሀብት

ከፋብሪካ የወጣ የዘመናዊ መኪና ቀለም ጠቅላላ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን፣ ማለትም ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብዙም የማይበልጥ ነው። ከላይ ያለውና ብርሃን የሚሰጠው «ክሊር» የሚባለው ሽፋን ደግሞ ወደ 40 ወይም 50 ማይክሮን ይሆናል፤ ከራስ ፀጉር ይቀጥናል። ፖሊሽ ማድረግ ማለት ከዚህ ሽፋን ላይ ጥቂት እየፋቁ ጭረቱን ከአካባቢው ጋር ማስተካከል ነው። የተፋቀው አይመለስም። በየበዓሉ የሚደረግ ሥራ ያልሆነውም ለዚህ ነው።

የቆዩ መኪኖች ክሊር ላይኖራቸው ይችላል። ለማወቅ በማይታይ ቦታ ላይ ትንሽ ፖሊሽ በነጭ ጨርቅ ይሹ፤ መኪናው ነጭ ከሆነ በጠቆረ ጨርቅ። የመኪናው ቀለም ጨርቁ ላይ ከወጣ ክሊር የለም ማለት ነው፤ የሚፋቀው ራሱ ቀለሙ ነው።

ሁለቱ ማሽኖች

የመጀመሪያው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሽከረከረው፣ ሮታሪ የሚባለው ነው። በደቂቃ ከ600 እስከ 3,000 ዙር ገደማ ይዞራል። ኃይለኛ ነው፤ ጥልቅ ጭረትንና ዳግም ከተቀባ በኋላ የሚቀር የብርጭቆ ወረቀት ፋቅታን በፍጥነት ያነሳል። አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ግን ሙቀቱ ወዲያው ይጨምርና ቀለም ያቃጥላል። ያልሠለጠነ እጅ ሲይዘውም ፀሐይ ላይ የሚታይ ጥላ የመሰለ ዙር ትቶ ያልፋል።

ሁለተኛው እየዞረ ወዲያና ወዲህ የሚንቀጠቀጠው፣ «ዱዋል አክሽን» የሚባለው ነው። የሚያፈራው ሙቀት አነስተኛ ነው። ብዙዎቹ ሞዴሎች ከልክ በላይ ሲጫኗቸው መዞራቸውን ያቆማሉ፤ ይህም ጀማሪን ከጥፋት ያድናል። ከሮታሪው ይልቅ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ቀላል ጭረትን በደንብ ያጠፋል።

ግራይንደር ከሁለቱም አይደለም። ትንሹ የብረት መቁረጫ በደቂቃ ወደ 11,000 ዙር ይዞራል፤ ከሮታሪው ትልቁ ፍጥነት ሦስት እጥፍ በላይ ነው። ቀለሙን ማቃጠሉ ብቻ ሳይሆን፣ የታሰረው ስፖንጅ ተበጣጥሶ ፊት ላይ ሊወረወር ይችላል።

ሲገዙ ምን ይዩ?

*መነሻ ፍጥነት።* ሮታሪ ከሆነ በ600 ዙር አካባቢ መጀመር የሚችል፣ ፍጥነቱ በቁጥር የሚስተካከል ይሁን። ቁልፉ ሲነካ ዘልሎ ሳይሆን ቀስ ብሎ የሚነሳ፣ ሲጫኑትም ፍጥነቱን የሚጠብቅ ቢሆን ይመረጣል።

*ኤሌክትሪክ።* የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ በዘመድ የሚላክ የ110 ወይም የ120 ቮልት ማሽን በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። መብራቱ ከፍ ዝቅ በሚልበት ሠፈር ለማሽኑ ዋት የሚበቃ ስታቢላይዘር ያስፈልጋል። የማራዘሚያ ገመዱም ወፍራም ይሁን፤ ቀጭን ገመድ ይግላል፣ ማሽኑንም ያደክማል።

*ክብደት።* ሮታሪ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ይመዝናል። ሱቅ ውስጥ ሁለት ደቂቃ በሁለት እጅዎ ይዘው ይሞክሩት። ክንድ ሲደክም ማሽኑ ያዘነብላል፤ ያዘነበለ ማሽን ደግሞ በጠርዙ ይፍቃል።

*መለዋወጫ።* ስፖንጁን የሚይዘው ሳህን ጥርስ የተለመደው «ኤም 14» ከሆነ ምትክ ማግኘት ይቀላል። የሞተሩ ካርቦን የሚቀየር መሆኑንም ይጠይቁ። ስፖንጅ ቢያንስ ሦስት አራት ይግዙ፤ አንዱ ሲሞላና ሲግል ሌላው ይተካል።

ሥራው ሲጀመር

መኪናው በደንብ ታጥቦ፣ ደርቆና ጥላ ሥር ቆሞ ይጀመር። አሸዋ የቀረበት ቀለም ላይ ማሽን ማስነሳት ጭረቱን ማብዛት ነው። ጠርዞችን፣ የበር እጀታን፣ ጎማና ፕላስቲክን በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ፤ ቀለም በጠርዝ ላይ ይሳሳልና። መጀመሪያ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር በማይሞላ ቦታ ላይ ይሞክሩ። ለስላሳ ስፖንጅና ቀላል ፖሊሽ ከበቃ ወደ ጠንካራው አይሂዱ። በሮታሪ ፖሊሹን በ600 ዙር አካባቢ ይቀቡት፤ ከዚያ ከ1,000 እስከ 1,500 ባለው ይሥሩ፣ ማሽኑም ከመንቀሳቀስ አያቁም። በየመሐሉ ቀለሙን በመዳፍ ይንኩ፤ እጅ የማያስቆይ ከሆነ ይረፉ። ፕላስቲክ ፓራውልት ሙቀት ቶሎ ስለማይለቅ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ጭረቱ ላይ ጥፍር ሲያልፍ የሚይዝ ከሆነም ጥልቅ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ላጥፋው ብሎ ቀለሙን ከመጨረስ መተው ይሻላል።

መነጽርና የአፍ መሸፈኛ ያድርጉ፣ ገመዱን በትከሻዎ ላይ ያሳልፉ፣ ነጠላ፣ ሻሽና የአንገት ሐብል ያውልቁ። ልጆች ከአጠገብ አይኑ።

ታዲያ የትኛው ይገዛ?

የቤቱን አንድ መኪና ብቻ ለሚንከባከብ ቤተሰብ ዱዋል አክሽኑ ይበቃል። በዓመት አንዴ እንኳ የማይነሳ ከሆነ ደግሞ ከመግዛት ይልቅ ባለሙያ ማሠራት ይሻላል፤ ሲያሠሩ ግን በምን ማሽን እንደሚሠራ ይጠይቁ፣ አንድ ትንሽ ቦታ ተሞክሮ ፀሐይ ላይ ይዩት። ሮታሪው የሚገባው ቀለም ቤት ላለውና በየቀኑ ለሚሠራ ሰው ነው። እሱም ቢሆን ከደንበኛ መኪና በፊት ከጋራዥ በተገኘ አሮጌ ኮፈን ላይ ይለማመድ።

የወንድሜ ልጅም በዚህ ተስማማ፤ መጀመሪያ ዱዋል አክሽን፣ ሮታሪው ላቫጆው ሥራ ሲለምድ። ከዚያ በፊት ግን «ለአባትህ ራስህ ንገረው» አልኩት። በመስቀል ማለዳ አባቱን ወደ ግቢ አውጥቶ ነጥቧን አሳየው። ወንድሜ ኮፈኑን ዳሰሰ፣ ግራይንደሩን አየ፣ የተበጣጠሰውን ስፖንጅ አነሳ። «ዓይንህ ላይ ቢወረወርስ ኖሮ?» አለው። ስለ ቀለሙ የተነሳው ከምሳ በኋላ ነው።