ወባን ሽሽት ተራራ ጫፍ የደረሱት የሃዋይ ዘማሪ ወፎች

በፓስፊክ ውቅያኖስ በምትገኘው የካዋይ ደሴት ካዋይ ኦኦ የተባለው ወፍ ዝማሬ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ1987 ነበር። ዛሬ ድምፁ የሚገኘው በቅጂ ብቻ ነው፤ አሜሪካም በ2023 ከምድር ገጽ መጥፋቱን አረጋግጣ ከጥበቃ መዝገቧ ሰርዛዋለች።

በዚያችው ደሴት ግራጫማዋን አኪኪኪ ተመሳሳይ ዕጣ ተጋርጦባታል። በ2018 ወደ 450 ይገመት የነበረው ቁጥሯ በ2021 ወደ 45 አሽቆለቆለ፤ በ2023 በዱር መኖራቸው የታወቀው አምስት ብቻ ነበሩ።

ገዳዩ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም፤ ወባ ነው። የወፎቹ ተውሳክ የሰውን ከሚያሳምመው ቢለይም የሚተላለፈው በትንኝ ንክሻ ነው። ሃዋይ ቀድሞ ትንኝ አልነበራትም፤ የገባባት በ1826 ገደማ በመርከብ ነው። ስለዚህ ወፎቹ በሽታውን የሚቋቋሙበትን አቅም አላዳበሩም። በአንድ ወቅት ከ50 በላይ ከነበሩት የዚህ ወፍ ቤተሰብ ዝርያዎች የቀሩት 17 ብቻ ናቸው።

የቆላን ንዳድ ፈርቶ ደጋ እንደሚሰፍር ሰው፣ ወፎቹም ለረጅም ዘመን ያዳናቸው የተራራው ብርድ ነበር። በቅዝቃዜ ተውሳኩ በትንኝ ሰውነት ውስጥ አይጎለብትም። አሁን ግን ሙቀቱ እየጨመረ ትንኙም ሽቅብ እየወጣ ነው። በ2014 ይፋ የሆነ ጥናት፣ በሞቃታማ ዓመታት የሰው ወባ በኢትዮጵያ ደጋም ከፍ ወዳሉ ቦታዎች እንደሚዘልቅ አሳይቷል። ከፍተኛው የካዋይ ጫፍ ግን 1,600 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ለወፎቹ ከዚያ በላይ መሸሻ የለም።

ሳይንቲስቶች መፍትሔውን የፈለጉት በራሱ በትንኙ ነው። ዎልባኪያ የተባለ ባክቴሪያ ልዩ ዝርያ የተሸከሙ ወንድ ትንኞች በቤተ ሙከራ ይራባሉ። ወንዶቹ አይነክሱም፤ ከዱር ሴቶች ጋር ሲዳቀሉ ግን እንቁላሉ አይፈለፈልም። መንገድ በማይደርስበት የማዊ ደሴት ጫካ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በሄሊኮፕተር ተለቅቀዋል፤ ኋላም ሰው አልባ በራሪዎች ታክለዋል። ሥራው አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ አይደለም፤ ልቀቱ ካልተደጋገመ ትንኙ መልሶ ይራባል።

እስከዚያው አኪኪኪዎች በማራቢያ ማዕከላት ተጠልለዋል። መጠለያውም ከአደጋ ነፃ አይደለም። በነሐሴ 2023 የማዊ ሰደድ እሳት ማዕከሉ ደጃፍ ሲደርስ፣ ሠራተኞችና አንድ ጎረቤት በእሳት ማጥፊያና በአትክልት ማጠጫ ቱቦ ተከላክለው አተረፏቸው። ከእሳት የተረፉት ወፎች ወደ ጫካቸው የሚመለሱት ግን ጫካው ከትንኝ ሲጸዳ ነው።