የውኃ መሳቢያ ሞተር ከውስጥ መጎዳቱን እንዴት መለየት ይቻላል?

ከሐይቅ፣ ከወንዝ ወይም ከጉድጓድ ውኃ እየሳበ በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም ለሚያለማ አርሶ አደር የውኃ መሳቢያ ሞተር መቆም የጥቂት ቀናት መጉላላት ብቻ አይደለም። ሽንኩርት ኮረት በሚይዝበት ወቅት ውኃ ከተቋረጠበት የወራት ድካምና ወጪ አብሮ ይባክናል።

በተሁለደሬ ወረዳ በሐይቅ ከተማ ዙሪያም ኾነ በአምባሰል ወረዳ ሞተሩ የቆመበት አርሶ አደር ሁለት ስሕተቶች ያሰጉታል። አንደኛው በጥቂት ወጪ የሚጠገነውን ሞተር አበቃለት ብሎ መጣል ነው። ሁለተኛው ደግሞ የተጎዳውን ሞተር ደጋግሞ በማስነሳት ትንሹን ጉዳት ማባባስ ነው። ከሁለቱም የሚያድነው ውስጡን በቅደም ተከተል መመርመር ነው።

የጉዳቱ መነሻ

በውኃ መሳቢያ ላይ በስፋት ከሚታወቁት ሞተሮች አንዱ ሆንዳ ጂኤክስ 200 ነው፤ በእርሱ አምሳያ የተሠሩም ብዙ ናቸው። ሞተሩ ባለ አራት ምት ሲኾን ይዘቱ 196 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ የሲሊንደሩ ስፋትም 68 ሚሊ ሜትር ነው። በደቂቃ 3 ሺህ 600 ጊዜ ሲዞር ፒስተኑ በአንድ ሰከንድ 60 ጊዜ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ይህን ሁሉ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰው 0.6 ሊትር ዘይት ብቻ ነው። ሞተሩ የዘይት ፓምፕ የለውም። በቢዬላው ጫፍ ያለች ማንኪያ መሰል ብረት ዘይቱን እየቀዳች ትረጨዋለች። ስለዚህ ሞተሩ በተዳፋት ላይ አዘንብሎ ከተቀመጠ፣ ዘይት ሞልቶም ቢኾን ማንኪያዋ ላትደርስበት ትችላለች። በወንዝ ዳር ሞተር የሚያስቀምጥ ሰው ቦታውን አስቀድሞ መደልደል ያለበት ለዚህ ነው።

ሌላው ጠላት አቧራ ነው። የአየር ማጣሪያው ከተቀደደ ወይም ከወለቀ አቧራው ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ፋሻውንና የሲሊንደሩን ግድግዳ እንደ ሞረድ ይበላል።

የጉልበት ማነስ ብቻውን ግን የጉዳት ምልክት አይደለም። እንዲህ ያለ ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። የሐይቅ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ ከ1 ሺህ 900 ሜትር በላይ በመኾኑ፣ ጤነኛው ሞተርም በዚህ ስፍራ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል።

ሳይፈቱ የሚደረግ ምርመራ

አስቀድሞ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ የቤንዚኑ መዝጊያ ይዘጋ፤ የካንዴላው ገመድ ይነቀል። በአቅራቢያው እሳትም ኾነ ሲጋራ መኖር የለበትም።

የመጀመሪያው ምስክር ዘይቱ ነው። ወተት መስሎ ከነጣ ውኃ ገብቶበታል። መጠኑ ከፍ ብሎ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ካርቡራተሩ እያፈሰሰ ነው፤ ዘይቱ ሳይቀየር ሞተሩ መነሳት የለበትም። በንጹሕ ዕቃ ተቀድቶ ፀሐይ ላይ ሲታይ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ካለው ውስጡ እየተበላ ነው።

ቀጥሎ ካንዴላው ይፈታ። ጫፉ ፈዛዛ ቡናማ ከኾነ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥላሸት የቤንዚን መብዛትን ወይም የአየር ማጣሪያ መደፈንን ያሳያል። በዘይት መራስ ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል መግባቱን፣ የነጣ ጫፍ ደግሞ ከመጠን በላይ መሞቁን ያመለክታል። ሰማያዊ ጭስም ዘይት እየተቃጠለ ለመኾኑ ምልክት ነው፤ ኾኖም ዘይት ከመጠን በላይ ሲሞላ ወይም ሞተሩ በጎኑ ተጭኖ ሲጓጓዝም ሊከሰት ይችላል።

የማስነሻው ገመድ ከነጭራሹ እምቢ ካለ በጉልበት መሳብ አይገባም። ካንዴላው ሲፈታ ከተንቀሳቀሰ ሲሊንደሩ ውስጥ ቤንዚን ወይም ውኃ ሞልቶ ሊኾን ይችላል። ያኔም ካልተንቀሳቀሰ የውኃ መሳቢያው ክፍል በጠጠር ወይም በአሸዋ አለመያዙን ማየት ይቀድማል።

ገመዱ ያለ ምንም ትግል የሚሳብ ከኾነ እመቃው ጠፍቷል። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ የሞተር ዘይት ጨምሮ፣ ካንዴላውን መልሶ አስሮ ገመዱን ቀስ ብሎ መሳብ ነው። እመቃው ከተመለሰ የተበላው ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው። ካልተመለሰ ጥርጣሬው ወደ ቫልቮቹ ወይም ወደ ቴስታታው ጓርኒሲዮን ያመራል። የአየር ፉጨቱ በካርቡራተሩ በኩል ከተሰማ ማስገቢያው ቫልቭ፣ በማርሚታው በኩል ከተሰማ ማስወጫው ቫልቭ አልገጠመም። ብዙዎቹ ሞተሮች ሲነሱ እመቃን የሚያቀል ክፍል ስላላቸው የመለኪያ መሣሪያ ንባብ ብቻውን ሊያሳስት ይችላል።

ቴስታታው ሲነሳ

ቴስታታውን ያሰሩት አራት ብሎኖች ተፈትተው ሲነሳ በፒስተኑ አናት ላይ ስስ ጥላሸት መኖሩ የተለመደ ነው። መሰርጎድ ወይም መበሳት ግን ከባድ ጉዳት ነው። ፒስተኑን ወደ ታች አውርዶ የሲሊንደሩን ግድግዳ በእጅ ባትሪ ማየትና ጥፍርን በአግድም ማሳለፍ ያስፈልጋል። ጥፍር የማይዘው ጭረት ብዙም አያሰጋም። ጥፍር የሚይዘው ቁልቁል የወረደ ቦይ ካለ ግን ፋሻ መቀየር ብቻ አያድነውም።

ጓርኒሲዮኑ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚዘልቅ ጥቁር መስመር ከታየ እመቃው የሚያመልጠው በዚያ ነው። ቫልቮቹን ለመፈተሽ ቴስታታውን ገልብጦ ጉድጓዱ ውስጥ ጥቂት ነጭ ጋዝ መጨመር በቂ ነው፤ በቫልቮቹ ሥር ካንጠባጠበ አልገጠሙም ማለት ነው። በመጨረሻም ቮላኖውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በጥቂቱ ማወዛወዝ ይገባል። ቮላኖው ተንቀሳቅሶ ፒስተኑ ከዘገየ ወይም ኳኳታ ከተሰማ ቢዬላው ተበልቷል።

ይጠገን ወይስ ይቀየር?

የተቃጠለ ጓርኒሲዮን፣ የተበላ ፋሻና ያልገጠመ ቫልቭ በአካባቢ መካኒክ የሚስተካከሉ ናቸው። ቴስታታው ሲመለስ አዲስ ጓርኒሲዮን ያስፈልገዋል፤ ብሎኖቹም በሰያፍ፣ በየተራና በደረጃ ይጠበቃሉ። ሲሊንደሩ በጥልቅ ከተጫረ ወይም ቢዬላው ከተሰበረ የመለዋወጫውንና የእጅ ዋጋውን ደምሮ ከአዲስ ሞተር ዋጋ ጋር ማነጻጸር ተገቢ ነው።

ከሁሉ የሚቀለው መከላከሉ ነው። የአዲስ ሞተር ዘይት ከመጀመሪያው 20 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያም በየ100 ሰዓቱ ይቀየራል። የአየር ማጣሪያው በየ50 ሰዓቱ፣ አቧራ በበዛበት ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ይጸዳል። ክረምት ሲገባ ቤንዚኑን ከታንከሩና ከካርቡራተሩ አፍስሶ ሞተሩን በደረቅ ቦታ ማስቀመጥ፣ በቀጣዩ በጋ ሳያስቸግር እንዲነሳ ይረዳል።