ስለ ሳልሞን ዓሣና ስለ ወንዝ ውኃ

ቲዊድ የሚባለው ወንዝ ከስኮትላንድ ተራሮች ወርዶ ወደ ሰሜን ባሕር ይገባል። ሳልሞንና የባሕር ትራውት የሚባሉት ዓሦች በወንዙ ተወልደው በባሕር ያድጋሉ፤ ዕንቁላላቸውን ለመጣል ግን ወደ ወንዙ ይመለሳሉ። ዝናም ሲጠፋ ውኃው ያንሳል፥ ይሞቃልም፤ ብዙዎቹም ዓሦች ከወንዙ አፍ ቆመው ይጠብቃሉ። ዝናም ዘንቦ ወንዙ ሲሞላ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ሙላቱ ጎድሎ ውኃው መጥራት ሲጀምር ለአጥማጅ መልካም ጊዜ ይሆናል።

ነገር ግን ዕንቁላሉን ሳይጥል የተገደለ ዓሣ ዘሩ ከእርሱ ጋራ ይጠፋል። ስለዚህ በስኮትላንድ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. በወጣው ደንብ፥ ሳልሞን ባነሰበት ወንዝ የተያዘው ሁሉ በሕይወቱ ይለቀቃል። ውኃው እጅግ በሞቀ ቀን ግን የተለቀቀውም ሊሞት ይችላልና፥ ብልህ አጥማጅ በዚያን ቀን መንጠቆውን ያሳርፋል።